ሄልሚ እኔ ዘንድ የከረመችበት የበረዶ ወራት

ዲሴምበር 1

ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። እንጨት ራሴ እፈልጣለሁ። ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ ራሴ አሞቃለሁ። መኪናዬን በቀን እነዳለሁ፣ ሲመሽ ዓይኔ ስለሚያታልለኝ እተዋለሁ። ዓሣ አጠምዳለሁ፣ ድንች እቀቅላለሁ፣ ሸሚዜን አጥባለሁ። ጣሪያ ላይ የተከመረ በረዶ እጠርጋለሁ፤ ልጄ ዴብራ ይሄን አታውቅም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ግን አቅቶኛል። ጽሑፍም ብዙ አይሆንልኝም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ነው እንጨት ቆረጣ የገባሁት። ደብዳቤውንም የገና ካርዱንም የምትጽፈው ሚስቴ ሳይማ ነበረች።

ሳይማ ከሞተች ይሄ ሁለተኛው በረዶ ነው። ማታ እራት ላይ «እህ፣ ምን ስትሠራ ዋልክ ሬይኖ?» ትለኝ ነበር። «ምንም» እላት ነበር። አሁን የምነግረው ሞልቶኛል፣ ጠያቂ ነው ያጣሁት። ስለዚህ እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ።

ዛሬ የዴብራ ልጅ ሄልሚ ዕቃዋን ይዛ መጣች። ኮሌጁ ከዚህ ቅርብ ነው። ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ለኮሌጁ ቡድን በስኪ፣ በበረዶ መንሸራተቻ፣ ረጅም ርቀት ትወዳደራለች። የተማሪዎች ማደሪያው ጫጫታ በዛባት፣ እኔ ደግሞ ባዶ ክፍል አለኝ። ዴብራ ከምትኖርበት ከተማ ከዱሉት ደውላ «እሷ አንተን ታይልኛለች» አለችኝ። ለሄልሚ ደግሞ «አባባ ያይሻል» ብላታለች። ሁለታችንም ተነጋግረን ሳቅን። ስምምነቱ ግን የሚያስቅ አይደለም። አንድ ነገር ከተፈጠረ ልጅቷ ወደ እናቷ ትመለሳለች፣ እኔም ቤቴን ዘግቼ ዴብራ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እገባለሁ።

ምንም አይፈጠርም።

ዲሴምበር 7

ቅዳሜ። ሳውና። ጎረቤቴ አርቪድ እንደ ወትሮው ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ መጣ። ሰባ ዘጠኝ ሞልቶት ገና ልጅ ነኝ ይላል። ሄልሚ የዋና ልብሷን ለብሳ ከእኛ ጋር ላይኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ሙቀቱ አሸንፎት ማን ቀድሞ ይወርዳል?» አለ አርቪድ።

«አንተ ነሃ። እንደ ሁልጊዜው።»

«ባለፈው አንተ አልነበርክ እንዴ?»

«ባለፈው በር ተንኳኩቶ ነው።»

«አዎ። ማን እንዳንኳኳ እስካሁን አልታወቀም» አለ። ሄልሚ በሳቅ ፈነዳች።

ምድጃው ላይ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ደጋግሜ ረጨሁ። እንፋሎቱ ጆሮ ይቆርጣል። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ አርቪድ ወረደ፣ እየወረደም «ይቺ የሳይማ ዘር ናት፣ አንተን እንኳን አትመስልም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሳይማ፣ አንቺ እያለሽ ሁለታችንንም አስወርደሽን ብቻሽን ትቀመጪ ነበር።

ዲሴምበር 9

ስኪዋን ሰም ቀባሁላት። ካውያውን አግዬ፣ ሰሙን አንጠባጥቤ፣ ሲደርቅ ፍቄ። አሠልጣኙ ሚስተር ዳልቢ ለዚህ ማሽን አላቸው አለችኝ። ሰም የሚመረጠው እንደ ብርዱ ነው፣ ማሽኑ የነገውን ብርድ ያውቃል ወይ አልኳት። ሳቀች።

ፓስቲ ገዝቼላት ነበር፣ ሥጋና ድንች የሞላው፣ ድሮ ሁለቱን ጠርጋ ትበላ የነበረው። ግማሹን ተወችው። ቀጭን ልጅ አቀበት ላይ ይፈጥናል አለች። ማን እንዲህ እንዳላት ጠየቅኳት። «ሁሉም» አለች።

ዲሴምበር 15

ፈተና ላይ ናት። ጠዋት ስነሳ ወጥ ቤቱ ተወልውሏል። የሳይማን ትልቁን ድስት ፈትጋ ፈትጋ አዲስ አስመስላዋለች፤ ጥቁሩን አስለቅቃዋለች። ጥቁሩ ደስ ይለኝ ነበር። ድስቱን ቦታው ሰቀልኩት።

«አልተኛሽም እንዴ?»

«እንቅልፍ አልመጣም። አባባ ይሄ መደርደሪያ ለምን እንዲህ ተደረደረ? በፊደል ተራ ብናረገው አይሻልም? ቡና ከዚህ፣ ዱቄት ከዚያ፣ እንዴ ይሄ ጨው መቼ የተገዛ ነው?»

ድሮ አፏን ለማስከፈት ጉጠት ያስፈልግ ነበር። አሁን ትለፈልፋለች። ደስ አለኝ። ቤቱ ድምፅ አገኘ።

ኬንድራ የምትባል የቡድኗ ልጅ በመኪና መጥታ በር ላይ የሆነ ነገር ሰጠቻት፣ ጓንት ውስጥ የተጠቀለለ። ምንድን ነው አልኩ። «ቪታሚን። ድካም የሚያጠፋ» አለችኝ። ሳይማም የዓሣ ዘይት በማንኪያ ታጠጣን ነበር።

ዲሴምበር 21

በዛሬው ውድድር ሁለተኛ ወጣች። ሁለተኛ። ከሌላ ኮሌጅ ከመጡት ሁሉ ጋር ተወዳድራ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩላት። አርቪድ ባርኔጣውን ጥሎ አጣው።

የሰም መቀቢያው ድንኳን ጀርባ ቆሜ ሁለት የቡድኑ ሴት ልጆች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሄልሚ ዘንድሮ ሌላ ሰው ሆናለች።»

«እኔም ኬንድራን ልለምናት ነው።»

«ተሰለፊ እንግዲህ፣ ወረፋ አለ።»

ተሳሳቁ። ስለ ልጅቷ መወራቱ አኮራኝ። ኬንድራ ምን እንደምትለመን ግን አልገባኝም። ልምምድ ታሳያቸው ይሆናል።

ጃንዋሪ 10

በረዶው ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። ጀርባዬ አመመኝ። የሄልሚን ጃኬት ላጥብ ኪሱን ስበረብር የሶፍት ወረቀት ውስጥ ብርቱካን መልክ ያላቸው ትናንሽ ኪኒኖች አገኘሁ። ያ ቪታሚን መሆኑ ነው። ድካም ያጠፋል አላለችም? አንዱን ከቡና ጋር ዋጥኩ።

ጣሪያውን ጠረግኩ። የሳውናውንም። የአርቪድንም። አርቪድ መስኮቱን ከፍቶ «ምን ነክቶሃል አንተ ሰው፣ ውረድ» አለኝ። እንጨቱን በትልቅ በትልቁ ደረደርኩ። አፍርሼ በትንሽ በትንሹ ደረደርኩ። የጀርባዬ ሕመም የት እንደሄደ እንጃ። አልራበኝም። የዓሣ መረቡን ሁሉ ፈታሁት። አሁንም እጄ መጻፍ ይፈልጋል ግን ምን

ጃንዋሪ 11

ዓይኔ አልተከደነም። ልቤ ዳገት እንደሚወጣ ጭነት መኪና ነበር። አሁን ለቀቀኝ።

አንድ ነገር ልጻፍ። ትናንት ቀኑን ሙሉ አንቺ ወጥ ቤት ውስጥ ያለሽ መስሎኝ ቆም ብዬ አላዳመጥኩም። አንዴም። ከሞትሽ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ቀን አልነበረኝም። ሲለቀኝ ግን ቤቱ ከቀብርሽ ማግስት የባሰ ባዶ ሆነብኝ። ተቀምጬ በሩን አየሁ።

የዓሣ ዘይት እንዲህ አያደርግም። ይሄ ቪታሚን አይደለም። ልጅቷን ማናገር አለብኝ።

ጃንዋሪ 13

አናገርኳት። ዓሣ እየበላን ነበር፤ ማለት እኔ እየበላሁ።

«ያ ኪኒን ምንድን ነው?»

ሹካዋን አስቀመጠች። «የትኩረት መድኃኒት ነው አባባ፣ ሐሳቡ ለሚበተንበት ሰው የሚታዘዝ። ለኬንድራ ሐኪም ነው ያዘዘላት። ከመንገድ የተገዛ አይደለም።»

«ለኬንድራ ካዘዘላት አንቺ ምን አገባሽ?»

«ጠዋት ልምምድ፣ ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ልምምድ፣ ማታ ጥናት። ሰው በምን ያዳርሰዋል? ግማሹ ቡድን ይወስዳል። ማንም ሞቶ አያውቅም።»

«በምርመራ ቢደርሱብሽስ?»

«እኛ ዘንድ ማንም መጥቶ መርምሮ አያውቅም።» ከዚያ «ለእማዬ ትነግራታለህ?» አለችኝ።

ከዓሣዬ እሾህ መልቀም ጀመርኩ።

«ከነገርካት በዚያው ቀን ትወስደኛለች። አንተንም። ታውቃታለህ። የፌብሩዋሪው ትልቁ ውድድር ይለፍ ብቻ። ከዚያ እተወዋለሁ፣ በሳይማ እምልልሃለሁ።»

በአንቺ ማለች። እኔ ደግሞ የዴብራ ምድር ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፣ ያቺ ከመሬት እኩል የሆነች ትንሽ መስኮት። «ዓሣሽን ብዪ» አልኳት። ሁለት ጉርሻ በላች። እሺ ማለቴ መሆኑ ገብቷታል።

ውድድሩ እስኪያልፍ ነው። ሩቅ አይደለም።

ጃንዋሪ 20

ዴብራ ደወለች።

«ምን ትበላለች?»

«ዓሣ።»

«ትተኛለች?»

«ወጣት ናት።»

«አባዬ፣ የጠየቅኩህን መልስልኛ።»

«ትተኛለች አልኩሽ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሳይማ፣ አንቺን እንዲህ ዋሽቼሽ አላውቅም። ወይም ስዋሽሽ ታውቂብኝ ነበር።

ጃንዋሪ 26

አሠልጣኙ ልምምድ ሜዳ ላይ አገኙኝ። ረጅም ሰው ናቸው፣ ትሑት። «እርስዎ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ተለወጠች፣ ምን እያበሏት ነው?» አሉኝ። ለቀልድ ነው። «ፓስቲ» አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ፊቴ እንደ ፍም ጋለ።

ፌብሩዋሪ 1

ከጃኬቷ ካስቀረሁት ኪኒን ግማሹን ዋጥኩ። ጀርባዬ ስላመመኝ ነው።

ፌብሩዋሪ 6

ልጅቷ ከሳች። ጉንጯ ገብቷል። ሻይ ስታነሳ ስኒው ሳህኑ ላይ ይንቋቋል። ጉንፋን ይዞኛል ትላለች። ግንባሯን ነካሁት፣ ይፋጃል። ውድድሩ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እንድትቀር ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ያንቺ ነው፣ ያቺ ትኩር ስትዪ የማልችላት።

ቅዳሜ ሳውናውን በደንብ አሞቅላታለሁ። ሳይማ ሳንባዬ የታመመ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው ያዳነችኝ። ዴብራንም የወለደችው እዚያ ውስጥ ነው። እኛ ቤት ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ከሳውና በኋላ ነው። በእንፋሎት አጥናታለሁ፣ እንደ ወጋችን በእርጥብ ቅጠል ቸብ ቸብ አደርጋታለሁ፣ ላብ በሽታውን ይዞት ይወጣል።

ፌብሩዋሪ 8

ሆስፒታል። ወንበር ላይ ነኝ። ሄልሚ ውስጥ ናት። አያስገቡኝም። አርቪድ በፎጣና በካፖርት አጠገቤ ተቀምጧል። ሱሪ አልለበሰም።

ፌብሩዋሪ 9

ትተነፍሳለች። በማሽን ነው ግን ትተነፍሳለች።

ፌብሩዋሪ 10

ቤት መጣሁ፣ ልብስ ልቀይር። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

ጠዋት ልምምድ ሄዳ ነበር፣ በትኩሳቷ። መጥታ ውሃ እንኳን በወጉ አልጠጣችም። እኔ ሳውናውን ከጠዋት ጀምሬ ነው ያሞቅኩት፣ ለአርቪድና ለራሴ ከማሞቀው በላይ። ላይኛው አግዳሚ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን።  ከዚያ «አባባ፣ በቃኝ» አለች።

«ገና ላብ አላወጣሽም» አልኳት። እውነት ነው፣ ቆዳዋ ደረቅ ነበር። እኔ በሽታው ሙጭጭ ብሎ ነው አልኩ።

አርቪድ «ልጅቷ ካላት ትውረድ» አለኝ።

«የሳይማ ዘር ናት ያልከው አንተ አይደለህ?» አልኩት። «ይልቅ አንድ ጭልፋ ውሃ ጨምር።»

ጨመረ። እሷም እንደተቀመጠች ቀረች። ይሄን ነው የማልረሳው፤ እኔ አልያዝኳትም፣ በሩም አልተቆለፈም። ቀድማ ላለመውረድ ነው የተቀመጠችው። ከዚያ ተነሳችና «ልቤ» አለች፣ ወደ ፊት ወደቀች። ትከሻዋ ምድጃውን ለጥቂት ነው የሳተው።

ጎትተን በረዶው ላይ አወጣናት። እንደ እሳት ነበረች። በረዶ ደረቷ ላይ ከመርኩ። ስሟን ጠራሁ፣ በስሟ መካከል ያንቺንም ጠራሁ መሰለኝ። አርቪድ በባዶ እግሩ ሮጦ አምቡላንስ ጠራ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ወጥታ መጣች፣ ወጣት ናት። አሠልጣኙና ኬንድራ ደርሰው ነበር። «ልቧ መስመሩን ስቷል፣ ሰውነቷ በሙቀት ተጎድቷል» አለች። «የምትወስደው ነገር አለ? ሳናውቅ የምንሰጣት መድኃኒት ሊገድላት ይችላል።» አሠልጣኙ ኬንድራን አዩ። ኬንድራ ጫማዋን አየች። «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለች። ልጅ ናት፣ ፈርታለች። ከንፈሯ ነጭ ነበር።

እኔም ዝም አልኩ።  ውድድሩን አሰብኩ፣ ቡድኑን አሰብኩ፣ ዴብራን አሰብኩ። ያቺን መስኮትም አሰብኩ፣ እግዜር ይይልኝ። ሐኪሟ ዞራ ስትሄድ ተከተልኳት። በሩ ጋ ክንዷን ያዝኩ።

«ኪኒን ትወስዳለች። የትኩረት ነው የሚሉት። ብርቱካን መልክ አለው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ልብ ያስሮጣል። ከገና በፊት ጀምሮ ነው።»

«እንዴት አወቁ?» አለችኝ።

«አይቻታለሁ» አልኳት።

ሮጣ ገባች።

ፌብሩዋሪ 12

ማሽኑን አነሱላት። ውሃ ጠየቀች። ኩላሊቷን እያዩት ነው። ልቧ ይመለሳል ብለዋል፣ ውድድር ግን ዘንድሮ የለም፤ ከዚያ በኋላም ይታያል።

ፌብሩዋሪ 14

ዴብራ መጥታለች። ለሐኪሟም ለአሠልጣኙም ለነርሶቹም የምትለው አንድ ነው። «አባቴ ምን ያውቃል፣ የጫካ ሰው ነው፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከየት ይረዳዋል።» ኮሪደሩ ውስጥ ይሄን ስትል እኔ ከጎኗ ቆሜያለሁ። በዕድሜዬ ሁሉ አላዋቂ ያለኝን ሰው በዝምታ አላለፍኩም። ይሄንን አለፍኩት። ይመቻል። ለስላሳ ወንበር ነው።

ለእኔ ደግሞ «ራስህን አትውቀስ አባዬ» አለችኝ፣ እጄን ይዛ። እጄን መንጠቅ ፈልጌ ነበር።

ፌብሩዋሪ 19

ሄልሚ ትቀመጣለች አሁን። ሾርባ አበላኋት። ኪኒኑ ከኬንድራ መምጣቱን ዴብራ ለአሠልጣኙ ነግራቸው ከቡድኑ አግደዋታል፤ ሌሎቹም ዘግተዋታል፣ ሰላም የሚላት የለም። ኪኒኑን ስለሰጠች አይደለም። ለሐኪሟ ተናገረች ብለው ነው።

«እሷ ናት የተናገረችው» አለችኝ ሄልሚ። «ራሷን ለማዳን። እህቴ ናት እላት ነበር።»

«ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

«አንተ ምንም አላልክም አይደል አባባ?»

ማንኪያውን ሞላሁ። «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። ከፈተች። እንደ ሕፃንነቷ።

ፌብሩዋሪ 22

አርቪድ ቅዳሜ አልመጣም። ሄጄ አንኳኳሁ። ጢሙን አልተላጨም። «ያቺን ጭልፋ እኔ ነኝ የጨመርኩት» ይላል፣ ይደጋግመዋል። «በል ወንድሜ ተወው» አልኩት። ሌላ የምለው ነበረኝ፣ አላልኩም።

ፌብሩዋሪ 27

ዴብራ ሄልሚን ዱሉት ወሰደቻት። ሄልሚ መኪና ውስጥ ሆና በብርድ ልብሱ መካከል እጇን አወጣች። መኪናው ከጥዱ ኋላ ሲሰወር እጄን እንዳነሳሁ ቆሜ ነበር። አርቪድ በመስኮቱ እያየኝ ነበር።

ገብቼ ክፍሏን ከፈትኩ። የፀጉር መያዣ ትታለች። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እየለፈለፈች ታልፍበት የነበረው ወለል አሁን እኔ ስረግጠው ብቻ ነው የሚጮኸው። አንቺን ስናፍቅ ኖሬ አሁን ሁለት ሆናችሁብኛል፣ የቷን እንደማዳምጥ አላውቅም።

ዴብራ በበጋ ቤቱ ይሸጣል ብላለች። አልተጣላኋትም።

ማርች 9

እሑድ ሄልሚ ደወለች። ባለፈውም እሑድ ደውላ ነበር። በረዶው መቅለጥ መጀመሩን ነገርኳት፣ የአርቪድ ውሻ ሐይቁ ላይ መንሸራተቱን ነገርኳት። ሳቀች። ሳቋ ወደ ድሮው ተመልሷል፣ ዝግ ያለው። «ካንተ በቀር ሁሉም ሰው ከድቶኛል» አለች። ያ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ኬንድራን ሱቅ ውስጥ አየኋት። ዳቦ ይዛ ነበር። ሰው ሲያያት መንገድ ትቀይራለች። እኔንም ስታይ ቀየረች።

ማርች 15

አልተኛሁም፣ ያለ ምንም ኪኒን ነው። የቀሩኝን ኪኒኖች ሶፍቱ ውስጥ እንዳሉ ዛሬ ጠዋት ለፋርማሲው ሰጠሁ። ሰውዬው የማን ናቸው አለኝ። የቤታችን ናቸው አልኩት።

ሰው ያለበትን ዕዳ ሌላ እንዲከፍልለት መተው አይገባውም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፣ በተራ። ዴብራ አትከፍልልኝም፣ ሐኪሟም አትከፍልልኝም።

ለአርቪድ። ጨምር ያልኩት እኔ ነኝ፣ ትውረድ ያለው እሱ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሳውናውን አሞቅና ሄጄ እጁን ይዤ አመጣዋለሁ፣ አግዳሚው ላይ እነግረዋለሁ። ነግሬው ቀድሜ እወርዳለሁ።

ለኬንድራ። እኔ የተናገርኩትን እሷ ነው የተሸከመችው። ኪኒኑን መስጠቷ የራሷ ነው፣ እሱን አልነካባትም። መናገሩ ግን የኔ ነው። ቡድኑ ሲለማመድ ሄጄ ሁሉም ባሉበት፣ ሚስተር ዳልቢም ባሉበት እናገራለሁ። ፓስቲ ብዬ የቀለድኩባቸውንም በዚያው።

ለሐኪሟ። እንዴት እንዳወቅኩ፤ እሷን ማየቴ ብቻ ሳይሆን ራሴም ኪኒኑን ውጬዋለሁ።

ለዴብራ። አውቅ ነበር። ከጃንዋሪ ጀምሮ አውቅ ነበር፣ በስልክ ስትጠይቀኝም አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ምድር ቤቱም ይቅርብህ ካለችኝ ትክክል ናት።

ለሄልሚ። ለሐኪሟ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ለዚህ ይቅርታ አልላትም። ከዚያ በፊት ዝም ያልኩት ስላዘንኩላት ነው ብላ እንዳታስብ ግን። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ስለፈለግኩ ነው። እንድትቀመጥልኝ ነው። ይሄን በስልክ አልነግራትም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ፣ ዱሉት ሳይመሽ እደርሳለሁ፣ ፊቷን እያየሁ እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ እሑድ አልደውልም ትል ይሆናል። መብቷ ነው። ቤቱ ሊሸጥ ነውና ዴብራ ስልኩን እናስቆርጠው ብላለች፤ እኔ ግን አላስቆርጠውም።